የጓሮ አትክልትን ከፍየልና ከእንሹ መጠበቅ

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላል የአገራችን ሰው። በካኩማና በካሎቤዬ የጓሮ አትክልት የሞከረ ሁሉ የዚህን አነጋገር ትርጉም ያውቀዋል። ገላ ከታጠቡበትና ዕቃ ካለቀለቁበት በተረፈ ውሃ ሁለት ወር ሙሉ ያደገ ጎመን፣ እናት ጄሪካኗን ይዛ ቦኖ ተሰልፋ እስክትመለስ ባለው ጊዜ ውስጥ ግንዱ ብቻ ቆሞ ይገኛል። ራሽን በተቀነሰ ወር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

የከፋው ጉዳት ግን የሚመጣው ጎመኑ ከተበላ በኋላ ነው። በንዴት የተወረወረ ድንጋይ የፍየሏን እግር ይሰብራል። የፍየሏ ባለቤት ይመጣል። ነገሩ ከሁለት ሰዎች እጅ ወጥቶ የሰፈር፣ ከዚያም የስደተኛና የአካባቢው ነዋሪ ጠብ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ይህን ፈርቶ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ የጎመን ዘበኛ ያደርገዋል። ጎመኑ ቢተርፍም የልጁ ትምህርት ይበላል።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት አንድ ነው፦ ችግኝ ከመትከላችን በፊት ትንሽ ቦታ በደንብ እንጠር። አንባቢው ትምህርቱን ሲጨርስ የሚከተሉትን ያውቃል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፦

1/ አትክልቱን የበላው የትኛው እንስሳ እንደሆነ በምልክቱ መለየት፤
2/ በጥቂት እሾህ ጠንካራ አጥርና በር መሥራት፤
3/ እሾሁን ከማንም ጋር ሳይጣሉ ማግኘት፤
4/ ፍየል ስትገባ ምን ማድረግ እንደሚገባ።

ክፍል አንድ፦ የበላው ማነው?

በአገር ቤት፣ በተለይም በደጋና በወይና ደጋ፣ ማሳ የሚያጠፉት ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ጃርት፣ ከርከሮና ዝንጀሮ ናቸው። ገበሬውም ማማ ሠርቶ ያድራል፤ ወንጭፍ ይወነጭፋል፤ ጅራፍ ያጮሃል። እዚህ ግን ቦታውም እንስሳውም ሌላ ነው። በቀን የምትመጣው ፍየል ናት። ቤታቸው በሰፈሩ ዳርቻ፣ ከቁጥቋጦው አጠገብ ለሆነ ደግሞ ሌሊትና ንጋት ላይ እንሹ ትመጣለች። እንሹ በእንግሊዝኛ ድክድክ የምትባለው ትንሿ የዱር እንስሳ ናት። ቁመቷ ትከሻዋ ድረስ ከ40 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ክብደቷም ከ3 እስከ 6 ኪሎ ቢሆን ነው። አህያ፣ ጥንቸልና ዶሮም የየድርሻቸውን ያጠፋሉ።

መከላከያው እንደ እንስሳው ስለሚለያይ፣ አትክልት ተበልቶ ሲገኝ አካባቢውን ሳንረግጥ አስቀድመን ምልክቱን እንመልከት።

ፍየል፦ ቅጠሉ ተቀድዶ ይገኛል፤ ጠርዙ ሸካራ ነው። ምክንያቱም ፍየል እንደ ሌሎች የሚያመሰኩ እንስሳት ከላይ በኩል የፊት ጥርስ የላትም። ቅጠሉን በታችኛው ጥርሷና በላይኛው ድዷ ይዛ ትገነጥለዋለች እንጂ አትቆርጠውም። ረዣዥሙ ተክል ጭምር ይበላል። በአጥሩ እሾህ ላይ ጠጉር፣ በመሬት ላይ በጠጥ ይገኛል።

እንሹ፦ እርሷም የምታመሰኳ ስለሆነች ቅጠሉ የተቀደደ ነው። ነገር ግን የሚበላው ለጋውና ዝቅ ያለው ብቻ ነው። ኮቴዋ ከፍየል ኮቴ እጅግ ያነሰ፣ የአውራ ጣት ጫፍ ያህል ነው። በጠጧም ደቃቅ ነው፤ አንድ ቦታ እየተመላለሰች ስለምትጥል ተከምሮ ይገኛል።

ጥንቸል፦ ከላይም ከታችም ስለታም የፊት ጥርስ ስላላት ግንዱ በምላጭ እንደተቆረጠ ሆኖ ይገኛል።

አህያ፦ አጥሩ ራሱ ተገፍቶ ይወድቃል። ትልቅ ኮቴና ፋንድያ ይታያል።

ዶሮ፦ ቅጠሉ ሳይሆን መደቡ ተጭሮ፣ ዘሩ ወጥቶ ይታያል።

ክፍል ሁለት፦ የፍየልንና የእንሹን ጠባይ ማወቅ

አጥር የሚያጥር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ዓይን ይለካል። ለእርሱ ከደረቱ የደረሰ አጥር ጥሩ አጥር ነው። ፍየሏ ግን የምትመለከተው ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ፍየል በኋላ እግሮቿ ቆማ የፊት እግሮቿን አጥሩ ላይ ትጭናለች። አጥሩ ደካማ ከሆነ በክብደቷ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ በኋላ እንደ መሰላል ትረግጠዋለች።

ሁለተኛ፣ ፍየል ከመዝለል ይልቅ መወጣጣት ትወዳለች። ከአጥሩ ውጭ የተቀመጠ ድንጋይ፣ ጉቶ፣ የጭቃ ጡብ ክምር ወይም ጄሪካን መወጣጫ ይሆናታል።

ሦስተኛ፣ አንዷ የገባችበትን ቀዳዳ ሌሎቹ ይከተላሉ። ትናንት የገባች ፍየል ነገም እዚያው ቦታ ትመጣለች።

አራተኛ፣ ያየችውን አረንጓዴ ትመኛለች። ዝናብ በጠፋበት ወር በዙሪያው ያለው ሣርና ቅጠል ሲደርቅ፣ በሰፈሩ ውስጥ የቀረው አረንጓዴ ነገር የእኛ መደብ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእርጥቡ ወር የበቃ አጥር በደረቁ ወር የማይበቃው ለዚህ ነው።

እንሹ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። አጥሩን ልትወጣው አትሞክርም፤ ከሥሩ ሾልካ ታልፋለች። ጭንቅላቷን ያስገባችበት ቀዳዳ ሰውነቷን ያሳልፋል። የፍየል ግልገልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጥሩ አጥር ከላይ ለፍየሏ፣ ከታች ለእንሹና ለግልገል ታስቦ የሚሠራ ነው።

ክፍል ሦስት፦ ምን ያህል ቦታ እንጠር?

ብዙ ሰው የሚከስረው ሰፊ ቦታ ቆፍሮ፣ ለመላው ዙሪያ የሚበቃ እሾህ አጥቶ፣ ግማሹን በገመድና በጨርቅ ሲሸፍን ነው። ሦስት ጎኑ የታጠረ መደብ ያልታጠረ መደብ ነው። ቀጥሎ ያለውን ስሌት ተመልከቱ።

ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ መደብ ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ነው። ዙሪያውን ለማጠር 16 ሜትር አጥር ያስፈልጋል።

ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ መደብም ስፋቱ ያው 16 ካሬ ሜትር ነው። ነገር ግን 20 ሜትር አጥር ይፈልጋል።

ርዝመቱ 16 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከሆነ ደግሞ ለዚያው ስፋት 34 ሜትር አጥር ያስፈልጋል።

ከዚህ የምንረዳው እኩል ጎን ያለው መደብ እሾህና ድካም እንደሚቆጥብ ነው። የመኖሪያ ቤቱን ግድግዳ እንደ አንድ ጎን መጠቀም ከተቻለ ደግሞ አጥሩ ይበልጥ ያጥራል። ሆኖም ደረቅ እሾህ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከማብሰያው ቦታና ከሣር ወይም ከላስቲክ ጣሪያ መራቅ አለበት። በእነዚህ በኩል እሾሁን ትተን ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የጭቃ ጡብ፣ እንጠቀም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከጎረቤት ጋር መተባበር ነው። አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 4 በ4 ሜትር ለብቻ ቢያጥሩ በድምሩ 64 ሜትር አጥር ይሠራሉ። አራቱን መደቦች አጋጥመው 8 በ8 ሜትር አድርገው በአንድነት ቢያጥሩ የሚያስፈልጋቸው 32 ሜትር ብቻ ነው። ሥራውና እሾሁ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በውስጥ በኩል የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት የድንጋይ መስመር ይበቃል። በተጨማሪም አንዱ ቦኖ ሲሄድ ሌላው በቤት ስለሚኖር ጥበቃውም ይቀላል። ለዚህ ግን በሩን ማን እንደሚዘጋና የተበላሸውን አጥር ማን እንደሚጠግን በመጀመሪያው ቀን መስማማት ያስፈልጋል።

ክፍል አራት፦ እሾሁን ከየት እናምጣ?

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ብዙዎቻችን በወንዝ ዳር የቆመ ግራር ስናይ ባለቤት የሌለው ይመስለናል። በቱርካናዎች ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በወንዝ ዳር ያሉ ዛፎች የሚጠቀምባቸው ቤተሰብ ተለይቶ ይታወቃል፤ ይህ የመጠቀም መብት «ኤክዋር» ይባላል። የግራሩ ፍሬ በደረቅ ወራት የፍየሎች ምግብ ነው። በታራች ወንዝ ዳር አንድ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦ ለአጥር ማምጣት በአገር ቤት የሰው ማሳ ገብቶ ያልደረሰ እህል እንደማጨድ ይቆጠራል። ፍየሎቹ ወደ ጎመናችን እንዳይመጡ ብለን የሚበሉትን ከቆረጥንባቸው፣ አጥሩ ገና ሳያልቅ ጠብ ጀምረናል ማለት ነው።

ለአጥር የሚሆነው ፕሮሶፒስ ነው። ኬንያውያን በብዙ ቦታ «ማቴንጌ» ይሉታል፤ ከአፋር በኩል የመጡ ወገኖቻችንም በአገራቸው በደንብ ያውቁታል። ከውጭ አገር የመጣ ተክል ሲሆን ቦታውን ሁሉ እየወረረ በማስቸገሩ የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ጎጂ አረም ብሎታል። እሾሁ ጠንካራ ነው፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ቢሆንም ከአንድ ቱርካና ቤተሰብ መኖሪያ አጠገብ ያለውን ሳይጠይቁ መቁረጥ አይገባም። እነርሱም ለአጥርና ለከሰል ይፈልጉታል።

ሲሰበስቡ የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል፦

ሀ/ በቡድን መሄድ። ሴቶችና ልጆች ብቻቸውን ወደ ቁጥቋጦው መሄድ የለባቸውም። የት መቁረጥ እንደሚቻል አስቀድሞ የብሎክ ተጠሪውን መጠየቅ ይገባል። የሚቻል ከሆነ ከአካባቢው ነዋሪዎች የተቆረጠ እሾህ በዋጋ መግዛት ወይም በሌላ ነገር መለወጥ ደኅንነቱ የተጠበቀ መንገድ ነው።

ለ/ ቆዳ ወይም ወፍራም የጎማ ጫማ ማድረግ። የፕሮሶፒስ እሾህ ስስ ነጠላ ጫማ ይበሳል። የወጋውን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ተሰብሮ ከቀረ ወይም ካበጠ ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል። በክሊኒክም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የመጨረሻው መቼ እንደተሰጣችሁ ተናገሩ።

ሐ/ ቅርንጫፉን በእጅ ሳይሆን በባላ ወይም በመንሽ መሸከምና መጎተት።

መ/ ፍሬውን እዚያው ማራገፍ። የፕሮሶፒስ ፍሬ ጣፋጭ ስለሆነ ፍየሎች አጥብቀው ይወዱታል። ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ለአጥር ማዋል ፍየሏን በግብዣ እንደመጥራት ነው። ከዚህም በላይ የወደቀው ዘር በመደባችን ውስጥ በቅሎ ሌላ ችግር ያመጣል።

ክፍል አምስት፦ የአጥሩ አሠራር

ሀ/ በአራቱ ማዕዘን ወፍራም ምሰሶ ይተከል። ጉድጓዱ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ መልካም ነው። መሬቱ ከደረቀ ማታ ጥቂት ያገለገለ ውሃ አፍስሶ ጠዋት መቆፈር ሥራውን ያቀላል። ፍየል አዘውትራ የምትገፋው ማዕዘኑን ስለሆነ ለእያንዳንዱ የማዕዘን ምሰሶ ከውስጥ በኩል አንድ አግድም ድጋፍ ይሰጠው።

ለ/ በማዕዘኖቹ መካከል በየ1 ሜትር ተኩሉ ሌሎች ምሰሶዎች ይተከሉ። ምስጥ ቶሎ እንዳይበላቸው ወደ መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብለብ ማድረግ ጥቂት ይረዳል።

ሐ/ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ክፍል ከሁሉም የጠበቀ ይሁን። እዚህ ላይ ቀጫጭንና ጥቅጥቅ ያሉ ቅርንጫፎች ይደርደሩ፤ ሥራቸው በድንጋይ ይታሰር። ቀዳዳው ከአንድ ጭብጥ መብለጥ የለበትም። ጭብጣችሁን አስገብታችሁ ፈትኑ፤ ካለፈ ይደፈን።

መ/ በላዩ ትልልቆቹ ቅርንጫፎች ይቀመጡ። የተቆረጠው ግንድ ወደ ውስጥ፣ እሾሃማው ጫፍ ወደ ውጭ ይሁን። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚቀጥለውን እንዲይዝ አድርጎ መጠላለፍ ያስፈልጋል። ያልተጠላለፈ እሾህ ነፋስ ይወስደዋል፤ ፍየልም በቀንዷ ትጎትተዋለች።

ሠ/ ቁመቱ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፤ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ይመረጣል። ከላይ ረዣዥም እንጨት አጋድሞ በሽቦ ወይም በገመድ ከምሰሶዎቹ ጋር ማሰር እሾሁን አጥብቆ ይይዘዋል።

ረ/ በመጨረሻም ከአጥሩ ውጭ ባለው ሁለት እርምጃ ቦታ መወጣጫ የሚሆን ነገር ሁሉ ይነሣ። የቆሻሻ ጉድጓድና የሚፈስ ውሃ ከአጥሩ አጠገብ አይሁን። ፍየል ልጣጭ ፍለጋ መጥታ ነው ጎመኑን የምታየው።

ከውስጥ በኩል የመጀመሪያው መስመር ከአጥሩ አንድ እርምጃ ይራቅ። የፍየል አንገት ረጅም፣ ከንፈሯም ብልህ ነው፤ በእሾህ መካከል ቅጠል መልቀም ታውቅበታለች።

አሮጌ ማዳበሪያ ጆንያ ያለው ሰው ቀዶ በአጥሩ ላይ ከውስጥ በኩል ቢዘረጋ ጥሩ መጋረጃ ይሆናል። ያላየችውን ጎመን ፍየል አትገፋም። ጆንያ ብቻውን ግን አጥር አይሆንም። የተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ ለታችኛው ክፍል ይጠቅማል፤ ሆኖም ስለታም ጠርዙ ልጆችንና ፍየሎችን እንዳይቆርጥ መታጠፍ አለበት።

ክፍል ስድስት፦ በሩ

ብዙ ሰው ለአጥሩ ሦስት ቀን ደክሞ ለበሩ ሦስት ደቂቃ ያስባል። አንድ ጥሩ አጥር ያላት ፍየል የማትገባበት ጓሮ በር ተረስቶ ከተከፈተ እንደ ሜዳ ነው። በተለይ ልጆች ውሃ ይዘው ሲገቡ ሁለቱም እጃቸው ስለሚያዝ በሩን ከኋላቸው አይዘጉም።

ስለዚህ በሩ በራሱ የሚዘጋ ይሁን። አሠራሩ ቀላል ነው። ከእንጨት የተሠራውን መዝጊያ ከምሰሶው ጋር በአሮጌ ጎማ ቁራጭ እንደ ማጠፊያ አያይዙ። ከመዝጊያው ጫፍ ገመድ አስራችሁ ከማጠፊያው ተቃራኒ በኩል ባለው ምሰሶ ባላ ላይ አሳልፉና ድንጋይ የተሞላ ትንሽ ጄሪካን አንጠልጥሉበት። ሰው ገፍቶ ሲገባ ጄሪካኑ ይወጣል፤ ሲለቀው ወርዶ መዝጊያውን ይመልሰዋል። ክብደቱን ለልጅ እንዳይከብድ አድርጋችሁ መጥኑ። ማታ ግን መቀርቀሪያ ወይም ገመድ ይታሰርበት። የበሩ ወርድ ባልዲ የያዘ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ብቻ ይሁን፤ ከሥሩም እንሹ የምታልፍበት ክፍተት እንዳይቀር ድንጋይ ወይም እንጨት ይጋደምበት።

ክፍል ሰባት፦ ሌሎች ዘዴዎችና ጥንቃቄያቸው

የቅንጭብ አጥር፦ ቅንጭብ ለተገኘለት ሰው ጥሩ ሕያው አጥር ነው፤ ፍየልም ብዙ አትደፍረውም። ቁራጩን ጥቂት ቀን በጥላ አድርቆ፣ ተቀራርቦ መትከል ነው። ጥቅጥቅ እስኪል ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚፈልግ እስከዚያ የእሾህ አጥሩ አይነሣ። ወተቱ ለዓይን እጅግ አደገኛ ነው። ልጆች አይንኩት፤ ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወዲያው ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል።

የጆንያ ጓሮ፦ በጆንያ አፈር ሞልቶ በጎኑ እየበሱ ጎመን መትከል ውሃና ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን ቁመቱ ለፍየል አፍ ልክ ነው። ስለዚህ ከግቢ በር ውስጥ ወይም ከታጠረ ቦታ ይቀመጥ።

ሽፈራው፦ የሽፈራው ቅጠል ለሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ ፍየልም ይህን ታውቃለች። ችግኙ ከ2 ሜትር በላይ እስኪያድግ ለየብቻው በእሾህ ይከለል። ከዚያ በኋላ ራሱን ይጠብቃል።

የፍየል በጠጥ ብጥብጥ፦ በጠጡን በውሃ በጥብጦ የዛፍ ችግኝ ቅጠል መቀባት ፍየሏ እንድትጠየፈው ስለሚያደርግ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ይህ ግን ለዛፍ ችግኝ ብቻ ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ሌላ የሚበላ ቅጠል በፍጹም አይቀባ። ተቅማጥ ከጎመን ማጣት የከፋ ነው።

በርበሬ፣ ሳሙና፣ የሚንቀጫቀጭ ቆርቆሮና ማስፈራሪያ ምስል፦ እነዚህ ለጥቂት ቀን ይሠሩ ይሆናል። ውሃ ያጥባቸዋል፤ ፍየልም ትለምዳቸዋለች። በእነርሱ መታመን «ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ» እንደሚባለው ነው።

ወጥመድ፦ በምንም ምክንያት አይጠመድ። በኬንያ የዱር እንስሳ ማደን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን በ2013 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ከባድ ቅጣት ያዝዛል። እንሹ ትንሽ ብትሆንም በዚህ ሕግ የተጠበቀች ናት። ለእንሹ የተጠመደ ገመድ ደግሞ የሰው ፍየል ወይም የልጅ እግር ሊይዝ ይችላል።

ክፍል ስምንት፦ ፍየሏ ከገባች

የሰው ልጅ የደከመበት ነገር ሲጠፋ መናደዱ አይቀርም። ነገር ግን ፍየል ለቱርካና ቤተሰብ ምን እንደሆነች እናስብ። ለልጆች ወተት፣ ለክፉ ቀን ገንዘብ፣ ለጋብቻ ጥሎሽ ናት። በአገር ቤት የእርሻ በሬ ለገበሬው ማለት ነው። አንድ መደብ ጎመን በሁለት ወር ይተካል፤ የተሰበረ የፍየል እግርና የተበላሸ ጉርብትና ግን በቶሎ አይጠገንም።

አንደኛ፣ በሩን በሰፊው ክፈቱና ከተቃራኒው በኩል ቀስ ብላችሁ አስወጡ። የደነገጠች ፍየል አጥሩን ጥሳ ትወጣለች፤ አዲስ ቀዳዳም ታበጃለች። ድንጋይ አትወርውሩ፤ ውሻ አትልቀቁ።

ሁለተኛ፣ ፍየሏን አስራችሁ አታስቀሩ። ካሳ መያዣ ለማድረግ ብታስቡም ባለቤቱ ግን ተሰረቅሁ ሊል ይችላል። ይልቅስ የጆሮዋን ምልክትና ቀለሟን ልብ በሉ። የቤተሰቡን ከብት የሚያውቁ ሽማግሌዎች በምልክቱ ባለቤቷን ይለያሉ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቷን በትሕትና አነጋግሩ። ስዋሂሊ ለማያውቅ ይህ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ምቡዚ ዋኮ አሜኢንጊያ ሻምባኒ፤ ታፋዛሊ ምቶኤ።» ትርጉሙ «ፍየልህ ጓሮ ገብታለች፤ እባክህ አውጣት» ማለት ነው። ለሴትም ለወንድም ያው ነው። አስቀድሞ ሰላምታ መስጠት አይረሳ።

አራተኛ፣ ነገሩ ከተደጋገመ ወይም ካሳ የሚያስጠይቅ ከሆነ ብቻችሁን አትሂዱ። ለብሎክ ተጠሪና ለሰፈሩ የሰላም ኮሚቴ አመልክቱ፤ እነርሱ ከቱርካና ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩበት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከጠብ በፊት ወዳጅነት ቢቀድም ደግሞ የበለጠ ነው። ከጓሮ የሚነቀለው አረም፣ ያረጀ የጎመን ቅጠልና የበቆሎ አገዳ ለእኛ ቆሻሻ፣ ለፍየል ግን ቀለብ ነው። ይህን ከአጥሩ ውጭ ከመጣል ይልቅ ሰብስቦ ለአንድ ፍየል አርቢ ጎረቤት መስጠት ይቻላል። በዚህ ዓይነት የተዋወቀ እረኛ መንጋውን በሌላ መንገድ ለመንዳት አያስቸግርም።

ክፍል ዘጠኝ፦ የየዕለቱ ቁጥጥር

እሾህ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ይላላል። ስለዚህ አጥር አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። በየማታው አትክልቱን ካጠጣችሁ በኋላ አንዴ ዙሩት። በእሾህ ላይ ጠጉር ያለበት ቦታ ፍየል የምትሞክረው ቦታ ነውና እዚያ እሾህ ጨምሩ። ከሥሩ ጎርፍ አፈር የወሰደበት ካለ በድንጋይ ድፈኑ። ደረቁ ወር ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ ሙሉ ድርድር አዲስ እሾህ ደርቡ።

ለማስታወስ ያህል

• ከመትከል በፊት አጥር።
• ትንሽ ቦታ፣ እኩል ጎን፣ ከጎረቤት ጋር።
• ከታች የጠበቀ፣ ከላይ የማይጎብጥ።
• በራሱ የሚዘጋ በር።
• ፕሮሶፒስ እንጂ የወንዝ ዳር ግራር አይቆረጥም።
• ድንጋይ አይወረወርም፤ ወጥመድ አይጠመድም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ የጎመናችሁ ግንድ በምላጭ እንደተቆረጠ ሆኖ ቢገኝ የትኛውን እንስሳ ትጠረጥራላችሁ? ለምን?
2/ ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው 3 በ3 ሜትር መደብ አላቸው። ለየብቻ ቢያጥሩ በድምሩ ስንት ሜትር አጥር ያስፈልጋቸዋል? አጋጥመው 6 በ3 ሜትር አድርገው ቢያጥሩስ?
3/ በሰፈራችሁ እሾህ ለመቁረጥ ማንን መጠየቅ ይገባል?
4/ የብሎካችሁ ነዋሪዎችና የፍየል ባለቤቶች ተቀምጠው ቢነጋገሩ በምን በምን ነጥቦች መስማማት ይቻላል ትላላችሁ?

የጥያቄ 2 መልስ፦ ለየብቻ 24 ሜትር፣ በአንድነት 18 ሜትር።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ትምህርት ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ጽሑፉን ካነበባችሁ በኋላም ለሚቀጥለው ሰው አስተላልፉ። መልካም የአትክልት ወቅት ይሁንላችሁ።